የአባዬ የሕይወት ታሪክ ላይ የመኪና ውድድር ይቆይ ወይስ ይውጣ?

ጥያቄውን የከፈትኩት እኔ ነኝ። የጅማ ልጆች በምንሰበሰብበት መድረክ ላይ ነው የለጠፍኩት። የአባዬ ሙት ዓመት ኅዳር ላይ ነው። ለዕለቱ ከፎቶው ጋር አንድ ገጽ የሕይወት ታሪክ አሳትመን ለመጣው ሰው እንሰጣለን። ረቂቁን እንድጽፍ ቤተሰቡ ለእኔ ሰጠኝ። ትውልዱን ጻፍኩ። በሞተሪስታነት የሠራባቸውን ጋራዦች ዘረዘርኩ። ከእማዬ ጋር ያሳለፈውን ትዳርና እኛን ልጆቹን እንዴት እንዳሳደገን ጻፍኩ። ከዚያ ስለ መኪና ውድድር፣ በተለይ ስለ ፎርሙላ ዋንና ስለ ጣሊያኑ የፌራሪ ቡድን፣ ስላለው ፍቅር ረዘም ያለ አንቀጽ ጨመርኩ። የአባዬ ታላቅ ወንድም ረቂቁን አዩና ያ አንቀጽ ይውጣ አሉ። እማዬ ዝም አለች። ወንድሜ ደግሞ እሱ ከወጣ ወረቀቱም አይታተም ብሎ ተቆጣ።

ስለዚህ አባዬን የሚያውቁትን ልጠይቅ አልኩ። በጽሑፌ አንድ ነገር አስረግጬ ተናግሬያለሁ። አባዬ ከሁሉ በፊት የቤቱ ሰው ነበር። ከጋራዥ ወጥቶ ሌላ ቦታ አያመሽም። ደሞዙን ሳይቆርስ ለእማዬ ያስረክባል። የመኪና ውድድርም ከቤቱ የሚያርቀው ነገር አልነበረም። እኛን ሰብስቦ የሚያየው ነገር ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ሲታወስ ውድድሩ ከቀረ ግማሽ ሰው ነው የሚታወሰው ብዬ አምናለሁ። ይቆይ ወይስ ይውጣ ብዬ ጠየቅኩ። መልሱ ካሰብኩት በላይ መጣ። የጥያቄና መልሱን ክር ያላነበባችሁ ብዙ ስለሆናችሁ እዚህ ላውጋችሁ።

መልስ 1 የመጣው ከአጂፕ ሰፈር ልጅ ነው። ነፍስ ይማር ካለ በኋላ የጋሽ ፌራሪ ልጅ እንደሆንኩ ጠየቀ። አዎ ነኝ። አባዬን በስሙ የሚጠራው ሰው ጥቂት ነበር። ቱታ ለብሶ የፌራሪ ቀለም የሆነው ቀይ ኮፍያ ስለማይለየው የሰፈር ልጆች ያወጡለት ስም ነው። መልስ 2 የማጽናኛ ቃል ነው። መልስ 3ን የጻፈችው የቀድሞ ጎረቤታችን ልጅ ናት። አላህ ይዘንለት ብላ ጀመረች። በረመዳን መብራት ሲጠፋ ኢፍጧር ከመድረሱ በፊት ጄኔሬተራቸውን ሊያስነሳላቸው መፍቻውን ይዞ ይመጣ እንደነበር አስታወሰች። ሒሳብ ሲጠየቅ ቴምር ብቻ ይቀበል ነበር ብላለች። ይህን ሳነብ አለቀስኩ። ቴምሩን ወደ ቤት ያመጣልን ስለነበር ትዝ ይለኛል፤ ከየት እንደሚመጣ ግን ጠይቀን አናውቅም።

መልስ 4 እርማት ነበር። በጽሑፌ ላይ በቤታችን ያዘነው ፋሲካ የ1986ቱ ነው ብዬ ነበር፤ ብራዚላዊው የፎርሙላ ዋን ሹፌር አየርተን ሴና በውድድር ላይ የሞተበት ስለሆነ። መልስ ሰጪው ሴና የሞተው በ1994 ነው፣ ሳታጣሩ አትጻፉ ብሎ ቆጣ አለ። መልስ 5 በትሕትና መለሰለት። የዘመን አቆጣጠር ጉዳይ ነው አለው። እነሱ ሜይ 1 ቀን 1994 የሚሉት በእኛ ሚያዝያ 23 ቀን 1986 ነው። እሁድ ነበር። በዚያ ዓመት ፋሲካ ከጊዮርጊስ ጋር የገጠመበት ቀን ነው። ይህን ያስታወሰው የጊዮርጊስ ዝክር የነበራቸው እናቱ በግ ለሁለት በዓል አንዴ ስላረዱ ነው።

እኔም ያንን ቀን አልረሳም። ትንሽ ልጅ ነበርኩ። ዶሮው ወጥቶ፣ ቡናው ተፈልቶ፣ ዘመድ ሞልቶ ነበር። ማታ ላይ አባዬ ራዲዮኑን ጆሮው ላይ አስጠግቶ ሲያዳምጥ ፊቱ ተለወጠ። ከዚያ ራዲዮኑን አጠፋና ከእማዬ አጠገብ ሄዶ ተቀመጠ። በማግስቱ ነው ለእኛ የነገረን። ውድድሩ በነበረበት በጣሊያኗ ኢሞላ አንድ ቀን ቀደም ብሎ ሮላንድ ራትዘንበርገር የሚባል ኦስትሪያዊ ሹፌር ሞቶ ነበር። ሴና ከውድድሩ በኋላ ሊያውለበልብለት የኦስትሪያን ባንዲራ በመኪናው ውስጥ ይዞ ነበር። ያንን የባንዲራ ነገር አባዬ ኋላ ላይ ሰምቶ ስንት ጊዜ ነገረን! ስለ ሴና ሲያወራ 3 ጊዜ ሻምፒዮን መሆኑን ሳይሆን ባንዲራውን ነበር የሚያስቀድመው።

መልስ 6 አላመነም። የፌራሪ ደጋፊ ለሴና የሚያለቅስበት ምክንያት የለም፣ ሴና ፌራሪ ነድቶ አያውቅም አለ። የኳስ ደጋፊ ይመስለኛል። እዚያ የጎረቤት ክለብ ተጫዋች ሲጎዳ የሚደሰት ሰው አይጠፋም። አባዬ እንደዚያ አልነበረም። የሌላውን ቡድን ሹፌር ስም ጠርቶ ሰላም ግባ የሚል ሰው ነበር። መልስ 7 አንድ መስመር ናት። ሰው ለሰው ያለቅሳል ብሎ አለፈ።

ግን አንድ የጅማ ሞተሪስታ ፌራሪን እንዴት ወደደ? ይህን በሚገባ የመለሰው መልስ 8 ነው። ጸሐፊው ከአጋሮና ከሊሙ ቡና ሲጭኑ የኖሩ ጡረተኛ ሹፌር ናቸው። ልጃቸው ነው የጻፈላቸው። የዚያን ጊዜ ቡናውን ከጅማ አዲስ አበባ የሚያወጣው ፊያት ኤንትሬ የሚባለው የጣሊያን የጭነት መኪና ነበር። አባዬ እንጀራ የበላው በኤንትሬ ነው። ፍሪሲዮኑን፣ ካምቢዮውን፣ ባሌስትራውን ዓይኑን ጨፍኖ ያውቀዋል። ፊያት ደግሞ በ1969 እ.ኤ.አ. የፌራሪን ግማሽ ድርሻ ገዝቷል። አባዬ ለሹፌሮቹ እናንተ የምትነዱት የፌራሪን ዘመድ ነው ይላቸው እንደነበር ሰውየው ነገሩን። አሁን ሁለቱ ድርጅቶች መለያየታቸውንም አስታወሱ። ልክ ናቸው፤ በ2016 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ ተለያይተዋል። አባዬ ያን ጊዜም ዝምድናው አይፈርስም ብሎ ነበር።

እኚህ ሹፌር የጻፉት ሌላም አለ። ጭነት ይዘው ወደ አዲስ አበባ ሲወጡ የጊቤን ቁልቁለት በፍሬን ብቻ የሚወርድ ወጣት ሹፌር ካለ አባዬ ጋራዡ በር ላይ ያስቆመው ነበር። በማርሽ ውረድ፣ ሞተሩ ይያዝህ፣ ፍሬኑን ለክፉ ቀን አስቀምጠው ይለዋል። ከአናቱ ላይ ሁለተኛ ማርሽ ያላስገባ ሹፌር ዳግመኛ መኪናውን ለእኔ አያምጣ ማለቱን ሰውየው በጆሯቸው ሰምተዋል።

እስከዚህ ድረስ ሁሉም ደህና ነበር። መልስ 9 መጣ።

ጸሐፊዋ በድንገተኛ ክፍል የምትሠራ ነርስ ናት። ሰላምታ አላበዛችም። በየሳምንቱ በሞተር ሳይክልና በመኪና አደጋ የተሰባበሩ ልጆችን እንደምትቀበል ጻፈች። ብዙዎቹ ሃያ ዓመት አልሞላቸውም አለች። በሙት ዓመቱ ላይ ልጁን በመንገድ ላይ የቀበረ ወላጅ እንደሚኖር አትጠራጠሩ፣ ያ ወላጅ ወረቀቱን ተቀብሎ ስለ ፍጥነት ፍቅር ሲያነብ ምን ይሰማዋል ብላ ጠየቀች። አጎቴ ልክ ናቸው፣ አንቀጹ ይውጣ አለች። መልስ 10 ደገፋት። መልስ 11 ግን ተሳደበ። ሥራሽን ሥሪ፣ በማታውቂው አትግቢ የሚል መንፈስ ነበረው። አፈርኩ። የአባዬን ስም ይዞ ሴት ልጅን የሚሳደብ ሰው አባዬን አያውቀውም። እንዲያጠፋው ጠየቅኩት፤ አጠፋው። ቁጥሩ ብቻ ቀርቷል።

በእኔ ግምት በክሩ ውስጥ ከተነሳው ሁሉ ከባዱ የነርሷ ጥያቄ ነው። ስለዚህ በዝርዝር መለስኩላት። አባዬ ራሱ ሲነዳ ከ60 አያልፍም። ከጅማ ወልቂጤ ሲሄድ ሚኒባሶች እየጮሁበት ያልፉታል። እማዬ ከኋላ ብትቀመጥም ቀበቶ ሳታስር ሞተር አያስነሳም። ያኔ ጅማ ውስጥ ቀበቶ የሚያስር ሰው ፈልጎ ማግኘት ከባድ ነበር። ውድድሩ ፍጥነትን ሳይሆን ጥንቃቄን ነው ያስተማረው። ይህን ያልኩት እንዲያምርልኝ አይደለም። ቤታችን ውስጥ ያየሁት ነው።

መልስ 12 ረዳኝ። ከአባዬ ሥር የሙያ ልጅ ሆኖ ያደገና አሁን ቦንጋ የራሱ ጋራዥ ያለው ሰው ነው። አባዬ የሙያ ልጆቹን እሁድ እየወሰደ ጎማ ሲቀየር እንዲያዩ ያደርጋቸው ነበር። 4 ጎማ ከ3 ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይቀየራል። ሁላቸውም በፍጥነቱ ሲደነቁ አባዬ ሰዎቹን እዩ ይላቸዋል። አንዱ ጎማ ያወጣል፣ አንዱ ያስገባል፣ አንዱ ክሪክ ይዟል፤ ማንም የማንንም ቦታ አይረግጥም። ሰኞ ጠዋት ጋራዥ ሲገቡ ቁልፎቹን በቦታቸው ያስደረድራቸዋል። ብሎን አጥብቆ ሳይፈትሽ መኪና የለቀቀ ልጅ የዚያን ቀን ሌላ ሥራ አይነካም። ይህ ሰው አሁንም በራሱ ጋራዥ ቸርኬ የሚያስር ልጅ ሲጨርስ እጁን እንዲያነሳ ያደርጋል። ከውድድሩ የተወሰደ ነው።

መልስ 13 የጻፈው ሰው እውቀት ያለው ነው። ለነርሷ በጨዋ ቋንቋ አስረዳት። ከኢሞላ በኋላ ብዙ ተለውጧል አላት። ሴና የወጣበት ታምቡሬሎ የሚባለው ኩርባ ፍጥነት እንዲቀንስ ተደርጎ ተሠራ። በ1995 እ.ኤ.አ. የሞተሩ መጠን ከ3.5 ወደ 3 ሊትር ወረደ። በ2003 የአንገት መከላከያ ግዴታ ሆነ። በ2018 ደግሞ ከሹፌሩ ራስ በላይ የሚዞር ሄሎ የተባለ ብረት መጣ። ብዙ ሰው መልኩን ጠልቶት ነበር። በ2020 ባሕሬን ላይ የሮማን ግሮዣን መኪና አጥር በስቶ ለሁለት ተከፈለ፤ በእሳትም ተያያዘ። ልጁ ከእሳቱ ውስጥ በራሱ እግር ወጣ። ራሱን ያተረፈለት ያ ብረት ነው። መልስ ሰጪው በ2014 ጃፓን ላይ ተጎድቶ በ2015 ያረፈውን ዡል ቢያንኪንም አልረሳም። ሞት የለም አላለም። ከእያንዳንዱ ሞት በኋላ ቁጭ ብለው ምክንያቱን ይፈልጋሉ፤ በእኛ መንገድ ላይ ግን የዕለት እንጀራ ሆኖ ቀርቷል ነው ያለው።

አባዬ የግሮዣንን አደጋ ያየው እኛ ቤት ነው። ቴሌቪዥኑ ፊት ቆሞ ነበር። ልጁ ከእሳቱ ሲወጣ እልል ያለችው እማዬ ናት።

መልስ 14 በጅማ ዩኒቨርሲቲ የተማረ የመቀሌ ልጅ ነው። እሁድ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ በነበረ ዲኤስቲቪ ቤት አንድ ቀይ ኮፍያ ያደረጉ ሰው ከነቤተሰባቸው ተቀምጠው ያይ እንደነበር ጻፈ። አጠገባቸው የተቀመጡት ሴት ደብተር ይዘው ይጽፉ ነበር አለ። መምህርት ናቸው ብሎ ገምቶ ነበር። የተማሪ ውጤት ይሞላሉ ብሎ ያስብ ነበር።

ደብተሩ የውድድሩ ነው። እማዬ ናት የምትጽፈው። ዙሩን፣ ማን ጎማ ሊቀይር እንደገባ፣ ማን እንደቆመ ትመዘግባለች። የሹፌሮቹ ስም፣ ሹማኸር፣ ባሪኬሎ፣ አሎንሶ፣ ሁሉም በአማርኛ ተጽፏል። አባዬ ስሜቱ ውስጥ ሲገባ ዙር ይጠፋበታል። እሷ አይጠፋባትም።

ወዲያው መልስ 15 ነገር አመጣ። የቤቱ ሰው ነበር ብለሽ ስታበቂ እሁድን በዲኤስቲቪ ቤት የሚያሳልፍ አባት ምን ዓይነት የቤት ሰው ነው አለ። ወንድሜ ከአዲስ አበባ በመልስ 16 ደረሰበት። ቃሉ ሻካራ ነበር። እኔ ብሆን ለስለስ አድርጌ እጽፈው ነበር፤ ሐሳቡ ግን ትክክል ነው። አባዬ ብቻውን አይሄድም ነበር። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን፣ ከዚያ ምሳ፣ ከዚያ ሁላችንም ተያይዘን እንሄዳለን። እማዬ ቡናውን በፔርሙዝ ትይዛለች። ልጅ የሚያስገባ ዲኤስቲቪ ቤት አልነበረም። አባዬ ከባለቤቱ ጋር ተስማምቶ ነው። የቤቱን ጄኔሬተር በነጻ ይጠግናል፤ በምላሹ ከኋላ ያለችው ትንሿ ቴሌቪዥን ለእኛ ትከፈታለች። በዋናው ቴሌቪዥን የእንግሊዝ ኳስ አለ። ብዙ ጊዜ ሰዓቱ ይገጥማል። እዚያ ጎል ሲገባ ቤቱ ይፈርሳል፤ እኛ ጥግ ላይ ዙር እንቆጥራለን። አንዳንድ ኳስ ተመልካች ለእረፍት ወደ እኛ ይመጣና ማን ይመራል ይላል። አባዬ ከመጀመሪያው ጀምሮ ያስረዳዋል።

ለእኛም የሚያስረዳበት መንገድ ነበረው። የአንድ ውድድር ርቀት 305 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሞናኮ ብቻ ወደ 260 ይወርዳል። ከጅማ አዲስ አበባ 350 ያህል ነው። እንግዲህ ከጅማ ተነስተው በአንድ ሰዓት ተኩል ሰበታ ሊደርሱ ትንሽ ይቀራቸዋል ይለናል። ከዚያ እኛ ስንሄድ ግን ቀኑን ሙሉ ይፈጅብናል፤ ምክንያቱም እኔ የምጭነው ከእነሱ ይበልጣል ይላል። የሚጭነው እኛን ነበር።

ከመልስ 17 እስከ 19 ነገሩ ሁሉ ወደ ሌላ ዞረ። አንዱ የቡና ዋጋ አነሳ። አንዱ ስለ መንገዱ አማረረ። ሂርማታ አካባቢ ስለ ባጃጅ ብዛት ተጨቃጨቁ። ይሄኛውን አልፈዋለሁ። ከዚያ መልስ 20 ላይ አንድ ሰው በግቢያችን ስለቆመችው ፔዦ 404 ጠየቀ። የአባዬ ናት። ከአንድ ጡረተኛ ገዝቶ ለዓመታት ጠግኗታል። ካርቡራተሩ አሁን ችግር አለበት እንጂ ሌላው ደህና ነው።

ፔዦዋ ስትነሳ መልስ 21 ከናይሮቢ መጣ። የቆጪ ልጅ ነው፤ ኬንያ ከገባ ቆይቷል። 404 ተራ መኪና እንዳይመስላችሁ አለ። በ1963፣ በ1966፣ በ1967 እና በ1968 እ.ኤ.አ. ሳፋሪ ራሊ የሚባለውን የምሥራቅ አፍሪካ የመኪና ውድድር ያሸነፈችው እሷ ናት። ሳፋሪው በ1953 እ.ኤ.አ. የተጀመረ ነው። ጭቃ፣ አቧራ፣ ወንዝ፣ የዱር እንስሳ ያለበት መንገድ ነው። ከአውሮፓ የመጡ ትልልቅ ሹፌሮች ለብዙ ዓመት አልቻሉትም። ኬንያዊው ጆጊንደር ሲንግ 3 ጊዜ፣ ሼካር መህታ 5 ጊዜ አሸንፈዋል። ከ2002 በኋላ ከዓለም ሻምፒዮናው ወጥቶ በ2021 ተመልሷል። አሁን ናይቫሻ አካባቢ ነው የሚካሄደው። አባዬ ለዚህ ሰው ከዓመታት በፊት ስልክ ደውሎ የመንገዱን አፈር ቀለም ጠይቆት ያውቃል። ቀይ ነው ሲለው እንደ አጋሮ መንገድ ነዋ ብሎ ተደሰተ።

መልስ 22 አፍሪካ ፎርሙላ ዋን አስተናግዳ አታውቅም፣ ለእኛ አይደለም የሚል ነበር። መልስ 23 አረመው። በ1958 እ.ኤ.አ. ሞሮኮ ውስጥ ካዛብላንካ ላይ ተካሂዷል። ደቡብ አፍሪካም ለብዙ ዓመታት አስተናግዳለች፤ የመጨረሻው በ1993 ካያላሚ ላይ ነው። የደቡብ አፍሪካው ጆዲ ሼክተር በ1979 በፌራሪ ሻምፒዮን ሆኗል። ከእሱ በኋላ ፌራሪ የሹፌሮችን ዋንጫ ለማየት እስከ 2000 ድረስ፣ እስከ ሹማኸር፣ 21 ዓመት ጠብቋል። አባዬ ያንን ጊዜ ሁሉ ጠብቋል። ከዚህ መሐል አብዛኛውን ጊዜ በራዲዮና በቆየ መጽሔት ብቻ ነበር የሚከታተለው።

መልስ 24 ስለ እንግሊዛዊው የፎርሙላ ዋን ሹፌር ሉዊስ ሃሚልተን ነበር። አባቱ ለልጁ የካርት (የትንንሽ መኪና) ውድድር ለመክፈል በአንድ ጊዜ ብዙ ሥራ ይሠሩ እንደነበር ጻፈ። አባዬ ሃሚልተንን የወደደው በአባቱ ነው። ልጁ ሲያሸንፍ ካሜራው አባቱን እንዲያሳይ ይጠብቅ ነበር። ሃሚልተን ወደ ፌራሪ ሊሄድ ነው የሚለው ዜና በእኛ አቆጣጠር በጥር 2016 ሲሰማ አባዬ ታሞ ነበር፤ ሰምቷል። ቀዩን ለብሶ ሲነዳ ግን አላየም። ይህ አሁንም ይቆጨኛል።

ከዚያ መልስ 25። አጎቴ ናቸው።

የልጅ ልጃቸው ጻፈላቸው። ቃላቸው አጭርና ቆፍጣና ነው። በወንድሜ አላፍርም አሉ። ውድድሩ ነውር ነው አላልኩም አሉ። ገጹ አንድ ነው፤ በአንዱ ገጽ ላይ መጻፍ የነበረበት ነገር አልተጻፈም። አባታቸው ሲሞት አጎቴ መምህራን ማሠልጠኛ ሊገቡ ነበር። ታናሻቸው አባዬ ትምህርቱን አቋርጦ ጋራዥ ገባ። ቀን ግራሶ ሲያጥብ፣ ማታ ጥበቃ ሲያድር እሳቸውን አስተማረ። ሁለቱን እህቶቻቸውንም ዳረ። ታላቅ እኔ ሆኜ ታናሼ አሳደገኝ፤ ይህ ሳይጻፍ ስለ ጣሊያን መኪና ሊነበብ ነው ወይ ብለው ጠየቁ።

ይህን አባዬ አንድም ቀን አልነገረንም። እማዬን ጠየቅኳት። ታውቃለች። እንዳትናገር አስምሏት ነበር፤ አጎቴ ልጆቹ ፊት ዝቅ እንዳይሉ ብሎ።

ከዚህ በኋላ ክሩ በረደ። መልስ 26 ነርሷ ናት። ተመለሰች። ስለ አባዬ እንዲህ ከተባለ ውድድሩም ይቆይ፣ ግን ቀበቶውና የጊቤው ማርሽ አብረው ይጻፉ ብላ ጠየቀች። ደስ አለኝ። መልስ 27 የኅትመት ሰው ነው። የጋራዦቹ ዝርዝር ብዙ ቦታ ይበላል፣ ለሟች ምንም አይጨምርም፣ እሱን አውጪ አለኝ። ጥሩ ምክር ነው። መልስ 28 ሁለት ገጽ ይሁን አለ፤ አጎቴ እንቢ አሉ። ሁለት ገጽ የሚያነብ ሰው የለም ብለው።

እንዲህ ጨረስነው። የጋራዦቹ ዝርዝር ወጣ። የአጎቴ አንቀጽ ከላይ ገባ፤ ራሳቸው ናቸው ቃል በቃል ያስጻፉኝ። የውድድሩ አንቀጽ ወደ ሦስት ዓረፍተ ነገር አጠረ። ፌራሪ አለ፣ እሁድ 10 ሰዓት አለ፣ ቀበቶው አለ። አጎቴ አንብበው ፌራሪ የምትለዋን ራሳቸው በትክክል ጻፏት። እማዬ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፤ ደብተሮቹ በዕለቱ ከፎቶው አጠገብ ይቀመጡ አለች። ይቀመጣሉ።

ጉዳዩ አለቀ ስል መልስ 30 ደብተሩን ያዘ። የ2008ቱ (እ.ኤ.አ.) የብራዚል ውድድር አለበት ወይ ብሎ ጠየቀ። አለበት። በእኛ ጥቅምት 23 ቀን 2001፣ ማታ ነበር፤ ዝናብም ነበር። ፌራሪ የሚነዳው ማሳ በአገሩ ቀድሞ ገባ። የፌራሪ ሰዎች፣ የማሳ ቤተሰብም፣ ዋንጫ የወሰዱ መስሏቸው ዘለሉ። ሃሚልተን በመጨረሻዋ ኩርባ ላይ ቲሞ ግሎክን አልፎ 5ኛ ሆነና በ1 ነጥብ ወሰደው። የገጹን ፎቶ ለጠፍኩ። እማዬ መጀመሪያ ማሳ ሻምፒዮን ብላ ጽፋለች። ከዚያ በአንድ መስመር ሰርዛ ሃሚልተን አለች። ከጎኑ የአባዬ ጽሑፍ አለ፤ በደብተሩ ውስጥ የእሱ እጅ ያለበት እዚህ ብቻ ነው። የማሳን አባት አይዟቸው ብሎ ጽፏል።

መልስ 31 ግሎክ ሆን ብሎ አሳልፎታል አለ። መልስ 32 ይህ ሐሰት ነው ብሎ ተነሳ። ግሎክ በዝናቡ ጎማ ሳይቀይር በደረቅ ጎማ ላይ ቀርቶ ነበር፣ መኪናው መሬት አልያዝ ብሎት ነው አለ። ለእማዬ አነበብኩላት። መልስ 32 ልክ ነው ብላለች፤ ደብተሩ ላይም ግሎክ ጎማ እንዳልቀየረ ጽፋዋለች።